ስዋሂሊ ከዜሮ፦ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ዒላማው ትንሽ ነው። ከተናጋሪ ጋር ሩብ ሰዓት ያህል ማውራትና አጭር ዜና አንብቦ መረዳት። በአውሮፓው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ኤ2፣ ከታች ሁለተኛው ደረጃ፣ የሚባለው አካባቢ። ሥራዬ ከታንዛንያና ከኬንያ ሰዎች ጋር በየጊዜው ያገናኘኛል። በእንግሊዝኛ እንግባባለን፤ ከስብሰባው በፊትና በኋላ ያለው ወሬ ግን ሁሉ በስዋሂሊ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም በ2022 እ.ኤ.አ. ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል። ሰበብ አላጣሁም።

የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም ለስዋሂሊ 36 ሳምንት፣ ወደ 900 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ለአማርኛ 44 ሳምንት፣ ወደ 1100 ሰዓት። ይህ ግን ከእንግሊዝኛ ለሚነሳ ሰው የወጣ ስሌት ነው። ከአማርኛ ለሚነሳ የቱ ጋ እንደሚያጥር፣ የቱ ጋ እንደሚረዝም እየሠራሁ አያለሁ።

መሣሪያ፦ አንድ የስልክ አፕ፣ አንኪ (ካርድ እያገላበጡ ቃል የሚያጠኑበት ፕሮግራም)፣ ላንጉጅ ትራንስፈር የሚባለው ነፃ የድምፅ ኮርስ፣ ደብተር። ወጪው ለአፑ የአንድ ወር ክፍያ ብቻ። አንኪ ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፤ አይፎን ላይ ያስከፍላል። ሁሉም በእንግሊዝኛ በኩል ነው የሚያስተምረው። ጣጣው ከዚህ እንደሚመጣ ገና አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ድምፅ

እዚህ ጋ ዕድለኞች ነን። የስዋሂሊ አናባቢዎች አምስት ናቸው፤ አምስቱም ፊደላችን ላይ አሉ። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ። ግዕዙ ሥራ ፈት ነው። ሳድሱ በአብዛኛው የሚፈለገው ቃል መነሻ ላይ ለሚቆሙት ም እና ን ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ አያስፈልጉም። ደብተሬን በፊደል ጀመርኩት፤ አነባበቡ ወዲያው ተስተካከለ።

የተቸገርኩት በ"ም" ነው። "ምቱ" (ሰው) ሲባል ም ራሷን የቻለች ክፍለ ቃል ናት። አፌ ግን "እምቱ" ይላል። የድምፅ ጫናው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ስለሚወድቅ "ምቱ" ላይ የሚጫነው ያው ም ላይ ነው። ም-ቱ። ከንፈር ገጥሞ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ከዚያ ቱ። "ኪታቡ" (መጽሐፍ) ሲሆን ታ ላይ፤ "ኪታቡኒ" (መጽሐፉ ውስጥ) ሲሆን ወደ ቡ ይሸሻል። አማርኛ እንዲህ ያለ ጫና ስለማይጠይቀን ጆሮ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። እጄን ጠረጴዛ ላይ እየመታሁ ነው የተለማመድኩት።

ሌላው "ንጎምቤ" (ላም) ላይ ያለው የመጀመሪያ ድምፅ ነው። በላቲን አጻጻፉ ን እና ግ ተከትለው ጭረት ይደረግባቸዋል፤ ግ ግን አይሰማም። መፍትሔው ከራሳችን ቃል መጣ። "አንገት" ስንል ግ ከመድረሷ በፊት ያለችው ን እሷው ናት። "አን—" ብሎ ምላስን እዚያው ማቆም፣ ከዚያ "ኦምቤ"። ኮርሱ ይህን ለማስረዳት ብዙ ፈጅቶበታል።

ከዓረብኛ የገቡት፣ ምላስ ጥርስ መሃል ገብታ የምትወጣቸው ሁለት ድምፆች ግን ፊደላችን ላይ የሉም። መዝገበ ቃላቱም ኪቦርዱም በላቲን ስለሆነ ደብተሩን ወደ ላቲን አዛወርኩት። ስልኩ ላይ ስዋሂሊ ኪቦርድ መጨመር ግድ ነው። አለዚያ አውቶኮሬክት የጻፍከውን ሁሉ እንግሊዝኛ ያደርገዋል።

ቁጥር፣ ሰዓት፣ ቀን

ከአንድ እስከ አሥር፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ። ስድስት፣ ሰባትና ዘጠኝ ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። አሥራዎቹም ከሃያ ጀምሮ እንደዚያው። አሮባይኒ፣ ሃምሲኒ፣ ሲቲኒ፣ ሳቢኒ። አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ የሚል ሰው እነዚህን ለመያዝ አንድ ማታ ይበቃዋል። መጠንቀቅ ያለብን "ኤልፉ" ላይ ነው። እዚያ ሺህ ነው፤ የእኛ የጥንቱ እልፍ ግን አሥር ሺህ ነው።

ሰዓት ላይ ሳቅሁ። ኮርሱ አንድ ሙሉ ትምህርት መድቦ፣ ስድስት ቀንስ ስድስት ደምር እያለ፣ "ሳአ ሞጃ አሱቡሂ" ማለት በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት እንደሆነ ያስረዳል። ለእኛ እኮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ አለቀ። "ሳአ ሲታ ምቻና" ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን። ትምህርቱን ዘለልኩት። እንግሊዝኛን መሃል ማስገባት ምን ያህል እንደሚያስጉዝ መጠርጠር የጀመርኩት እዚህ ነው።

ቀኖቹ ግን ወጥመድ አላቸው። ስዋሂሊ የሚቆጥረው ከቅዳሜ ነው፦ ጁማሞሲ ቅዳሜ፣ ጁማፒሊ እሑድ፣ ጁማታቱ ሰኞ፣ ጁማንኔ ማክሰኞ፣ ጁማታኖ ረቡዕ። "ንኔ" አራት ስለሆነች ጁማንኔን ከእኛ ረቡዕ ጋር ማገናኘት ይቀናናል፤ ረቡዕም አራተኛ ነውና። ቀጠሮ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ከጁማታኖ፣ ማለትም ከአምስተኛው ቀን ቀጥሎ ደግሞ አልሃሚሲ ይመጣል። እሱም በዓረብኛ አምስተኛ! ሁለት አምስተኛ ተከታትለው። ዓርብ ኢጁማ ነው። ይህን ብቻ በቃል ሸመደድኩት።

ካርድ፣ የመጀመሪያው ዙር

አንኪ ላይ ነጠላ ቃላት አስገባሁ። ፊት ለፊት እንግሊዝኛው፣ ጀርባው ላይ ስዋሂሊው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳየው የመርሳት ጉዳይ የታወቀ ነው። የተማርነው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይጠፋል፣ ክፍተት እየሰጡ ሲመለሱበት ይቆያል። አንኪ የሚሠራውም በዚሁ ነው።

አንኪ በቀን 20 አዲስ ካርድ አድርጎ ነው የሚመጣው። ለጀማሪ ይበዛል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለድግግሞሽ የሚመለሱት ካርዶች ከአዲሶቹ ብዙ እጥፍ ይሆናሉ፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ማግሥቱ ተራራ ነው። ወደ 8 አወረድኩት።

ዋናው ችግር ሌላ ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ አይመጣም። "ኪታቡ" መጽሐፍ ነው፣ "ዙሪ" ጥሩ ነው፣ "አንጉካ" መውደቅ ነው። ሦስቱንም አውቄ "ጥሩው መጽሐፍ ወድቋል" ማለት አቃተኝ።

አፑም እዚሁ አካባቢ ተቋረጠ። ስዋሂሊውን በትክክል ተረድቼ በእንግሊዝኛ ስመልስ፣ የእንግሊዝኛውን ትንሽ መስተአምር (a ወይም the) ስለዘለልኩ ስህተት ይለኛል። ስዋሂሊ "ዌዌ" እና "ኒኚ" ብሎ አንዱንና ብዙውን ይለያል፣ አማርኛም ይለያል። መሃል ያለው እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸውና መልሶ እኔን ይጠይቀኛል። ክፍያውን አላደስኩም።

ንጌሊ

የስዋሂሊ ወገቡ ይህ ነው። ስሞች በምድብ ይከፈላሉ፣ ምድቡ ንጌሊ ይባላል። ስሙ መነሻ ላይ ያለውን ምልክት ቅጽሉም፣ ቁጥሩም፣ ግሱም ይከተላሉ።

ኪታቡ ኪዙሪ ኪሜአንጉካ፦ ጥሩ መጽሐፍ ወድቋል።
ቪታቡ ቪዙሪ ቪሜአንጉካ፦ ጥሩ መጻሕፍት ወድቀዋል።

ደስ የሚለው፣ "ኪታቡ" ራሱ የዓረብኛ ቃል ነው፤ የእኛ ክታብ ዘመድ። ኪ የሥሩ አካል ነበረች። ስዋሂሊዎች ግን የምድብ ምልክት አድርገው ወሰዷትና ብዙውን "ቪታቡ" አሉት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሠንጠረዥ ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ ሁሉንም ምድብ ከነቅጽሉ፣ ከነአመልካቹ፣ ከነአገናዛቢው ጻፍኩ። ግድግዳ ላይ ያምራል። ሲያወሩ ግን ሠንጠረዥ የሚያይ ማን አለ? ወረቀቱ ወረደ።

ቀጥሎ የሞከርኩት አንድ ምድብ ብቻ ይዞ መክረም ነው። መጀመሪያ የሰዎቹን፦ ምቱ፣ ዋቱ። ከዚያ ኪ እና ቪ። ሦስተኛ የወሰድኩት ነጠላና ብዙው አንድ የሆነውን ምድብ ነው፤ ብዙ የውጭ ቃላት ስላሉበት ቶሎ ይጠቅማል። "ኙምባ" ቤትም ቤቶችም ነው። ስሙ አይለወጥም፣ ግሱ ነው የሚያጋልጠው፦ ኙምባ ኢሜአንጉካ ሲሉ አንድ ቤት፣ ኙምባ ዚሜአንጉካ ሲሉ ብዙ። የቀሩትን ሆን ብዬ ተውኳቸው። ተሳስቼ ብናገርም ሰው ይረዳኛል።

ለጀማሪ እፎይታ የሚሰጡ ሕጎች አሉ፤ መጻሕፍቱ ወደ ኋላ ነው የሚያመጧቸው። እኔ ወደ ፊት አመጣኋቸው። ከዓረብኛ የገቡ ቅጽሎች አይለወጡም። "ራሂሲ" (ቀላል)፣ "ሳፊ" (ንጹሕ) የትም ምድብ ላይ ያው ናቸው። ቁጥርም እንደዚያው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 8 ምድቡን ይከተላሉ። 6፣ 7፣ 9 እና 10 አይነኩም። ስለዚህ "ዋቱ ዋዊሊ"፣ "ቪታቡ ቪዊሊ" ይባላል፤ ስድስት ሲሆን ግን "ዋቱ ሲታ"፣ "ቪታቡ ሲታ"። መጀመሪያ ላይ ሰው በምሳሌ ስቆጥር ስድስት እያልኩ ማምለጤን አልደብቅም።

የሚያስቸግረው ሕይወት ያለው ነገር ነው። "ኪፋሩ" አውራሪስ ነው፣ ቅርጹ ከመጽሐፍ ምድብ። ግን እንስሳ ስለሆነ በሰዎቹ ሕግ ይሄዳል፦ ኪፋሩ ምኩብዋ አሜላላ፣ ትልቁ አውራሪስ ተኝቷል። ይህን ለምደህ ሳታበቃ ደግሞ "ራፊኪ" (ጓደኛ) ይመጣል። ግሱ የሰው ነው። "የእኔ" ለማለት ግን "ራፊኪ ያንጉ" ነው፣ እንደ ቤቱ "ኙምባ ያንጉ"። አባት፣ እናትም "ያንጉ" ናቸው። ልጅ ግን "ምቶቶ ዋንጉ"። ለምን ብሎ መከራከር አያዋጣም። በሐረግ መያዝ ነው።

ካርድ፣ ሁለተኛው ዙር

ነጠላ ቃል ያለባቸውን ካርዶች በሙሉ አቆምኩ። አዲሱ ሕግ፦ ስም ብቻውን ካርድ አይገባም። ቢያንስ ቅጽል ወይም ግስ ይዞ ይምጣ። ፊት ለፊት አማርኛ፣ ጀርባው ስዋሂሊ ከነድምፁ። ከእያንዳንዱ ጋር የብዙው ካርድ አብሮ ይሠራል። እንግሊዝኛ ከካርዱ ወጣ።

ካርዱን መሥራት አሁን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ይሁን። ሲሠራ ነው ግማሹ የሚገባው።

አንድ እንከን ቀረ፦ ጾታ። "አሜፊካ" ደርሷል ነው ወይስ ደርሳለች? ስዋሂሊ አይለይም። "ዬዬ" እሱም እሷም ነው። አማርኛው ግን ሳይመርጥ ግስ አይፈጥርም። ስለዚህ ካርዶቼ ሁሉ "እሱ" ሆነው ቀሩና ሴት ስትመጣ ራሴ መጠራጠር ጀመርኩ። መፍትሔው እያፈራረቁ መጻፍ ነው፤ ግማሹ "መጣች"፣ ግማሹ "መጣ"፣ ጀርባው ላይ ግን አንድ ዓይነት ስዋሂሊ። ሠርቷል።

ግስ

ከአማርኛ የሚነሳ ሰው እዚህ ይክሳል። "ኒታኩፒጊያ" የሚለውን ኮርሱ እንደ ትልቅ ተአምር ይበትነዋል፦ ኒ እኔ፣ ታ የወደፊት፣ ኩ አንተን፣ ፒግ ሥሩ፣ ኢያ "ለ"። እኛ "እደውልልሃለሁ" እንላለን። ያው አንድ ቃል ነው፤ ባለቤት፣ ተቀባይ፣ "ለ" ሁሉም ውስጡ ነው። ያቺ "ኢያ" የእኛ "ል" ናት። እንግሊዝኛውን ጥዬ በዚህ መልክ ጎን ለጎን ስጽፍ ብዙ ነገር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተገፋ። "ፔንዳ" ወደደ፣ "ፔንዳና" ተዋደደ። "ሶማ" አነበበ ወይም ተማረ፣ "ሶምዋ" ተነበበ፣ "ሶሜሻ" አስተማረ። እኛ ከፊት የምንጨምረውን እነሱ ከኋላ ይጨምራሉ፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

አሉታም እንደዚያው። "አልወድም" ስንል ከፊትም ከኋላም እንነካለን። "ኒናፔንዳ" እወዳለሁ፣ "ሲፔንዲ" አልወድም፤ እዚያም ሁለቱም ጫፍ ይለወጣል። ያለፈው ሲሆን "ሲኩፔንዳ"፣ ገና ያልሆነው "ሲጃፔንዳ"። የዓረብኛዎቹ ግሶች መጨረሻቸውን አይለውጡም፦ "ሲጂቡ" አልመልስም። አጫጭር ግሶች ላይ "ኩ" ትጨመርና አሉታው ላይ ትወድቃለች፦ "ኒናኩጃ" እመጣለሁ፣ "ሲጂ" አልመጣም። ይህችን ደጋግሜ ካልሆነ አልያዝኳትም።

የቃላት ተራ ግን ሌላ ነው። ግሱ መሃል ነው፣ ቅጽሉና ቁጥሩ ከስሙ በኋላ። "ሁለት ጥሩ ሰዎች" ለማለት "ዋቱ ዋዙሪ ዋዊሊ"፤ ሰዎች ጥሩ ሁለት። የአማርኛ ራስ መጨረሻ ላይ ግስ ይጠብቃል፤ ለማዳመጥም አስቸጋሪ የሆነብኝ ለዚህ ነው። ግሱ ቀድሞ አልፎኝ ይሄዳል።

መዝገበ ቃላት

ግስ በሥሩ ይፈለጋል፣ ስም በነጠላው። "ዋሊምዎና" ካጋጠመ ዋ፣ ሊ፣ ም ተነስተው "ኦና" (ማየት) ስር ነው። አዩት፣ ወይም አዩዋት፤ ያው የጾታው ጉዳይ። "ሜኖ" (ጥርሶች) ደግሞ "ጂኖ" ስር። መጀመሪያ ላይ ብዙ ቃል "የለም" ብዬ የተውኩት ባለመፍታቴ ነው።

ንግግር

የቋንቋ ልውውጥ ጀመርኩ። አንድ የዳሬሰላም ሰው አገኘሁ፤ እሱ አማርኛ፣ እኔ ስዋሂሊ። በቀጥታ ጥሪ መጀመር አልሆነም፣ ዝምታው ይበዛል። በቮይስ መልእክት ተካነው። ቮይስ ይደገማል፣ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ከመላኩ በፊት ይሰረዛል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ሰላምታው ረጅም ነው፤ አይከብደንም። "ሀባሪ ዛ አሱቡሂ"፣ "ሀባሪ ዛ ካዚ"፣ መልሱ "ንዙሪ"። ለታላቅ ሰው "ሺካሞ" ይባላል፣ ታላቁም "ማራሃባ" ይላል። እርስዎ የሚባል ነገር ግን የለም። ለዳሬሰላሙ ሰው አባት ሰላምታ ልኬ በብዙ ቁጥር ብናገር "ሌላ ማን አለ እዚያ?" አለኝ። አክብሮቱ በሺካሞና በድምፅ ቃና ነው የሚሄደው፣ ግሱ ላይ አይደለም።

የናይሮቢ ሰው ሲጨመር ነገሩ ተቀየረ። ወጣቱ የሚያወራው ሼንግ ነው፤ ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና ሌሎች የኬንያ ቋንቋዎች የተደባለቁበት። መጽሐፉ ላይ ያለው መደበኛ ስዋሂሊ የዛንዚባርን ኡንጉጃ ዘዬ ይዞ የወጣ ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ ላይ ተመርጦ፣ ከ1930 ጀምሮ በኮሚቴ የተስተካከለ። ለአሁኑ የዳሬሰላሙን ይዤ እቆያለሁ። ሼንግን ለመስማት ብቻ።

ማዳመጥ

ዜና በቀጥታ ሲሰማ ጅረት ነው፣ አንድም ቃል አይያዝም። የሠራልኝ ዘዴ፦ ቢቢሲም ዶቸ ቬለም የአማርኛና የስዋሂሊ ክፍል አላቸው። የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ዜናን መጀመሪያ በአማርኛ አነባለሁ። ከዚያ ያንኑ ጉዳይ በስዋሂሊ። ስሞቹና ቁጥሮቹ ይታወቃሉ፣ ይዘቱም ይታወቃል። የሚቀረው ቋንቋው ብቻ ነው። ዜና ደግሞ ቃላቱን ይደጋግማል፦ ሴሪካሊ (መንግሥት)፣ ዋዚሪ (ሚኒስትር)፣ ኡቻጉዚ (ምርጫ)፣ "ክዋ ሙጂቡ ዋ" (እንደ ... ገለጻ)። ድምፁን መጀመሪያ በ0.75 ፍጥነት፣ ከዚያ በመደበኛው።

ጽሑፉ ሲገኝ ቀድሞ ማንበብ ይሻላል ወይስ ቀድሞ መስማት? ሁለቱንም ሞከርኩ። ቀድሜ ስሰማ ድካም ነው፤ ቀድሜ ሳነብ ደግሞ ጆሮዬ ይሰንፋል። አሁን፦ አማርኛው፣ ከዚያ ስዋሂሊ ድምፅ፣ ከዚያ ስዋሂሊ ጽሑፍ፣ መልሶ ድምፅ። አንድ አጭር ዜና በቀን፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

አሁን ያለበት

ሩብ ሰዓቱ ይሞላል፣ ርዕሱ የታወቀ ከሆነ። ዜና ላይ ዋናውን እይዛለሁ፣ ዝርዝሩ ያመልጠኛል። ሦስቱ ምድቦች ሳላስብ ይመጣሉ፤ የ"ምቲ፣ ሚቲ" (ዛፍ፣ ዛፎች) ምድብ ገና በማሰብ ነው።

የሚቀጥለው ሥራ "የ" ነው። "ያነበብኩት መጽሐፍ" ለማለት "ኪታቡ ኒሊቾሶማ" ይባላል፤ ያቺ "ቾ" የመጽሐፉ ምድብ ናት፣ ግሱ ሆድ ውስጥ ገብታ። ብዙ መጻሕፍት ሲሆኑ "ኒሊቪዮሶማ"። ለዚህ አዲስ የካርድ ዓይነት እየሠራሁ ነው፦ ፊት ለፊት ሁለት አጫጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች፣ ጀርባው ላይ በአንድ የተጣመሩበት ስዋሂሊ። የመጀመሪያዎቹን ለዳሬሰላሙ ሰው ልኬ እስኪያርማቸው እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያ አዲስ ካርድ ቆሟል፣ ድግግሞሽ ብቻ።